ነገርን ከሥሩ
በአየር እየተነፉ የሚሠሩ የፕላስቲክ ዕቃዎችን ጉድለት መርምሮ ስለ ማረም በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የዛሬው ርእሴ የፋብሪካ ወለል፥ የማሽን ዘይትና የትኩስ ፕላስቲክ ሽታ ያለበት ስለሆነ ለጉባኤ አዳራሽ የማይመች ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ዛሬ ጧት ጀሪካን ሳያይ ከቤቱ የወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ውሃ የምንቀዳበት፥ ዘይት የምንገዛበት፥ በረኪናና ፈሳሽ ሳሙና የምናስቀምጥበት ዕቃ በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ዘዴ የተሠራ ነው። ይኸውም ቀልጦ እንደ ቱቦ የወረደን ፕላስቲክ በሞልድ መካከል ይዞ በአየር የመንፋት ዘዴ ነው።

ጀሪካን የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ጀርመኖች በ1930ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ለሠራዊታቸው የነዳጅ መያዣ አድርገው ከብረት ሠሩት፤ እንግሊዞችም ለጀርመን ወታደር ባወጡት ቅጽል ስም ጠሩት። ፕላስቲኩ ጀሪካን የመጣው ግን ቆይቶ ነው። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በዝቅተኛ ግፊት ፖሊኢቲሊን የሚሠራበትን መንገድ አገኘ፤ በዚያው ዘመን በአሜሪካ የፊሊፕስ ኩባንያ ኬሚስቶች የነበሩት ሆጋንና ባንክስ በሌላ መንገድ ከተመሳሳይ ውጤት ደረሱ። ዛሬ ጀሪካን የሚሠራበት ጠንካራውና እፍግታው ከፍ ያለው ፖሊኢቲሊን የእነዚህ ሥራዎች ፍሬ ነው።

ይህን ያነሣሁት ታሪክ ለመተረክ ብቻ አይደለም። ብረቱ ጀሪካን ሲያፈስ ብየዳው ይታያል፤ የፕላስቲኩ ጉድለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው በር እስኪወጣ ድረስ ተደብቆ ይቆያል። አንዲት እናት 20 ሊትር ውሃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ስትወጣ የጀሪካኑ ታች ስፌት ቢለቀቅ፥ የጠፋው የጧት ድካሟና የቤተሰቡ ውሃ ነው። እርስዋ የፋብሪካውን ስም አታውቅም፤ አቤቱታም አትጽፍም። ስለዚህ የእርስዋን አቤቱታ አስቀድመን በፋብሪካው ውስጥ ልንሰማላት የሚገባን እኛ ነን።

ከሌላ የሙያ ዘርፍ የመጡ አባላት እንዲከተሉኝ የአሠራሩን ሂደት ባጭሩ ልግለጽ። ፍሬ የሚመስለው ጥሬ ዕቃ ወደ ኤክስትሩደሩ ይገባል። በውስጡ የሚዞረው ስክሩ ከሂተሮቹ ሙቀት ጋር ሆኖ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ፖሊኢቲሊን ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ከዚያም በዳዩ ክብ ክፍተት በኩል ባዶ ቱቦ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሙያው ቋንቋ ፓሪዘን ይባላል። የሞልዱ ሁለት ግማሾች ቱቦውን ከግራና ከቀኝ ይዘጉበታል፤ ታችኛውን ጫፍ ቆንጥጠው ያጣብቁታል፤ አየርም ገብቶ ከሞልዱ ግድግዳ ጋር ያገናኘዋል። በሞልዱ ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ ካቀዘቀዘው በኋላ ሞልዱ ይከፈታል፤ ትርፍ ሆኖ የቀረው ጭራ ይቆረጣል፤ ተፈጭቶም ከአዲሱ ጥሬ ዕቃ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል።

እንግዲህ ጉድለት ሊወለድባቸው የሚችሉ ስፍራዎች አምስት ናቸው፤ ጥሬ ዕቃው፥ ኤክስትሩደሩ፥ ዳዩ፥ ሞልዱ፥ እንዲሁም አየሩና ማቀዝቀዣው ውሃ። ስሕተታችን ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ የታየበትን ስፍራ ጉድለቱ የተወለደበት ስፍራ ማድረጋችን ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለእኛ ሙያም የተነገረ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ስለ ግድግዳ ውፍረት እናገራለሁ፤ ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ እርሱ ነውና። «ጀሪካኑ ሳሳ» የሚል ወሬ ሲመጣ ብዙዎቻችን ወዲያው ክብደት እንጨምራለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጀሪካን ወስዶ በመጋዝ መቁረጥ ይገባል። ከላይ፥ ከመካከልና ከታች ሦስት ቀለበቶች ይቆረጡ፤ በያንዳንዱም ቀለበት አራቱም ጎኖች በመለኪያ ይለኩ። ማዕዘን ከጎን ይልቅ መሳሳቱ የአሠራሩ ጠባይ ስለሆነ፥ ጎን ከጎን ጋር፥ ማዕዘንም ከማዕዘን ጋር ይነጻጸር።

ልዩነቱ ከቀለበት ወደ ቀለበት ከሆነ፥ ማለትም ላይኛው ሳስቶ ታችኛው ከወፈረ፥ ቱቦው በራሱ ክብደት እየተሳበ ነው። ምክንያቱም የቀለጠው ፕላስቲክ ከልክ በላይ መሞቁ፥ ቱቦው ሞልዱን እየጠበቀ ረዥም ጊዜ መንጠልጠሉ ወይም ጥሬ ዕቃው ሲቀልጥ በጣም ቀጭን መሆኑ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ፥ የማውረጃውን ፍጥነት መጨመር፥ በመጨረሻም ቱቦው በሚወርድበት ጊዜ የዳዩን ክፍተት የሚያሰፋና የሚያጠበውን የውፍረት መቆጣጠሪያ ማስተካከል ይገባል። መቆጣጠሪያው የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ መድኃኒት አይደለም፤ ሙቀቱ ሳይስተካከል እርሱን መነካካት በሽታውን መሸፈን ነው።

ልዩነቱ በአንዱ ቀለበት ውስጥ ከሆነ ግን፥ ማለትም ቀኙ ወፍሮ ግራው ከሳሳ፥ ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ሳይቆርጡም ማወቅ ይቻላል፤ ቱቦው ሲወርድ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ጎብጦ ይወርዳል። ክፍተቱ ሰፊ በሆነበት ወይም ሙቀቱ በበዛበት ወገን ፕላስቲኩ ፈጥኖ ስለሚወርድ ቱቦው ወደ ዘገየው ወገን ይጎብጣል። ኦፕሬተሩ ይህን ሲያይ ወዲያው የዳዩን ማስተካከያ ቡሎን ለመፍታት ቁልፍ ያነሣል። እኔ የምመክረው አስቀድሞ የዳዩ ዙሪያ ሂተሮች ሁሉም መሥራታቸውን እንዲያይ ነው። አንድ ሂተር ተቃጥሎ ከሆነ የሚታየው ምልክት ያው ነው፤ ቡሎን በማዞር ቱቦው ለጊዜው ቢቃናም፥ ሂተሩ በተለወጠ ጊዜ እንደገና ይጎብጣል። ያን ጊዜ አንዱ ስሕተት ሁለት ሆነ ማለት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ገጽ ላይ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ከላይ እስከ ታች የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ከታየ በዳዩ ከንፈር ላይ የተጫረ ነገር ወይም ተቃጥሎ የደረቀ ፕላስቲክ አለ። ይህ የሚጸዳው በነሐስ ወይም በመዳብ መፋቂያ ነው እንጂ በብረት ዊንዳይቨር አይደለም፤ በብረት የተጫረ ዳይ መስመሩን ለዘለቄታው ያትማልና። የቱቦው ገጽ በሙሉ እንደ አሸዋ ወረቀት ከሻከረ ደግሞ ፕላስቲኩ በቀዘቀዘ ዳይ በኩል በግድ እየተገፋ ነው፤ የዳዩን ሙቀት ከፍ፥ የስክሩን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ያስተካክለዋል። ጥቋቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ፕላስቲኩ በአንድ ጥግ ቆይቶ ተቃጥሏል። ትናንሽ የአየር አረፋዎች ሲታዩ ፖሊኢቲሊን ራሱ እርጥበት የማይመጥ ስለሆነ፥ እርጥበቱን በውጭ ከዋለው የተፈጨ ጭራ ወይም ከቀለሙ ማስተርባች እንፈልገው፤ በተለይ ጥቁሩ ማስተርባች እርጥበት ይስባል።

ስለ ተፈጨው ጭራ አንድ ቃል ልጨምር። እጀታ ባለው ዕቃ ላይ ከቱቦው ሲሶ ያህሉ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፥ ጭራ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም የተፈጨውን መመለስ ግድ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ድርሻው ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ሲለዋወጥ ነው። የቀኑ ፈረቃ አንድ ጆንያ፥ የሌሊቱ ፈረቃ ሦስት ጆንያ ቢጨምር የቱቦው ርዝመትና ክብደት ይዋዥቃል፤ ሁለቱም ፈረቃዎች በየተራ ማሽኑን «ሲያስተካክሉ» ያድራሉ። በዚህ ጊዜ የታመመው ማሽኑ ሳይሆን ሚዛን የሌለው የጥሬ ዕቃ ክፍል ነው።

ሦስተኛው የታች ስፌት ነው። ሞልዱ ቱቦውን ቆንጥጦ ያጣበቀበት መስመር የጀሪካኑ ሁሉ ሸክም የሚያርፍበት ስፍራ ነው። እዚህ ላይ ሌላውን ሰው ከመውቀስ የራሴን ስሕተት ብናገር ይሻላል።

ከብዙ ዓመታት በፊት በሠራሁበት ፋብሪካ 20 ሊትር ጀሪካኖች በውድቀት ፈተና ላይ ይሰነጠቁ ጀመር። ውሃ ሞልተን ከ1.2 ሜትር ከፍታ ስንለቃቸው ታችኛው ስፌት እንደ ዚፕ ይከፈታል። እኔም ጥሬ ዕቃው ነው ብዬ ደመደምሁ፤ አዲስ ጭነት ገብቶ ነበርና። ሙቀት ጨመርሁ፤ አልሆነም። የአየሩን ግፊት ቀነስሁ፤ አልሆነም። ከዚያም ክብደት ጨመርሁ፤ የጀሪካኑ ጎን ወፈረ፥ ስፌቱ ግን እንደ ቀድሞው ተከፈተ። በሦስተኛው ቀን አምስት ነገሮችን ስለለዋወጥሁ የትኛው ምን እንዳደረገ የማውቅበት መንገድ አልቀረልኝም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው በእኔ ላይ ደረሰ።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭራ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ሳለ፥ ለዓመታት በዚያ ሥራ ላይ የኖሩ አንዲት ወይዘሮ ጭራውን በቢላዋ ሳይሆን በጣታቸው ነጥቀው ሲጥሉ አየሁ።

«እንዴት እንዲህ በቀላሉ ተላቀቀልዎ?» አልኋቸው።

«ሞልዱ ከወርክሾፕ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ነው ኢንጂነር። ድሮ በቢላዋ ታግለን ነበር የምንቆርጠው፤ አሁን እግዜር ይስጣቸው አቀለሉልን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ፤ ሥራቸውንም ቀጠሉ።

ወዲያው አንዱን ስፌት አቋርጬ በመጋዝ ቆረጥሁት። ጤነኛ ስፌት ከውስጥ በኩል ሲታይ ሞላ ብሎ እንደ ገመድ የተነሣ ነው። ያየሁት ግን ወደ ውስጥ የገባ ስለታም ቦይ ነበር። ወርክሾፑ ሞልዱን ሲጠግን የመቆንጠጫውን ጠርዝ እንደ ቢላዋ ሞርዶት ኖሯል። ጠርዙ እንደዚያ ሲሳል ቱቦውን ይቆርጠዋል እንጂ አያጣብቀውም፤ ፕላስቲኩን ገፍቶ ወደ ስፌቱ የሚያስገባ ጠፍጣፋ ወርድ አይኖረውምና። ጠርዙ ወርዱ ተመልሶለት፥ ሞልዱም በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ሲደረግ፥ ስፌቱ ሞላ። ጥሬ ዕቃው ምንም እንከን አልነበረበትም።

ያ ስሕተት ምን ያህል ያስከፍላል? በአንድ ጀሪካን ላይ 50 ግራም ያለ ጥቅም ቢጨመር፥ በ1,000 ጀሪካን 50 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ ከጅቡቲ በካሚዮን ዳገት ወጥቶ የመጣ ነው። ከዚህ የበለጠው ዋጋ ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት የአቅራቢውን ስም ማጥፋቴና ኦፕሬተሮቹን ያለ ጥፋታቸው መገሠጼ ነበር።

አራተኛው ክፍል ቅዝቃዜን የሚመለከት ነው። ከአንድ ዙር ሥራ ውስጥ ትልቁን ጊዜ የሚወስደው ማቀዝቀዝ ስለሆነ፥ ምርት እንዲጨምር ሲፈለግ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። ሳይቀዘቅዝ የወጣ ጀሪካን በእጅ ሲያዝ ደህና ይመስላል፤ በማግሥቱ ግን ታቹ ወጥቶ ሲቆም ይወዛወዛል፥ አንገቱም ተጣሞ ክዳኑ አይገጥምም። ፖሊኢቲሊን ከወጣም በኋላ መሰብሰቡን ስለሚቀጥል ይዘቱም ሆነ የአንገቱ ልክ ቢያንስ 24 ሰዓት ካደረ በኋላ ሊለካ ይገባል። በሌላ በኩል ውሃውን ከመጠን በላይ ማቀዝቀዝም ጉዳት አለው፤ በክረምት ወራት የሞልዱ ገጽ ጤዛ ይይዝና የጀሪካኑ ፊት ጠባሳ ያወጣል። እንዲህ ሲሆን የውሃውን ሙቀት ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። ጤዛ ሳይኖር ገጹ ከጎደጎደ ግን አየር በሞልዱና በፕላስቲኩ መካከል ታፍኗል፤ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ መጽዳት አለባቸው።

አምስተኛው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሚገለጥ ጉድለት ነው። የውድቀቱን ፈተና በሚገባ ያለፈ ጀሪካን ፈሳሽ ሳሙና ተሞልቶ በመጋዘን ከተደረደረ ከሳምንታት በኋላ ማንም ሳይነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ የሚሆነው ሸክም ባለበት ፕላስቲክ ላይ ሳሙናው ጥቃቅን ስንጥቆችን ስለሚያፋጥን ነው። ውሃ ግን እንዲህ አያደርግም። እዚህ ላይ ማሽን መነካካት ብቻውን አይበቃም፤ ለወተትና ለውሃ የሚሆነው እጅግ ጠጣር ፖሊኢቲሊን ለሳሙና አይመችም። ለሳሙና የሚያስፈልገው እፍግታው ጥቂት ዝቅ ያለና ስንጥቅን የሚቋቋም ኮፖሊመር ነው። ስለዚህ ደንበኛን «ስንት ሊትር?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «ምን ልትሞላበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን በአገራችን ሁኔታ ላይ ልዩ ስለሆኑ ሁለት ነገሮች ልናገር፤ ከውጭ በሚመጡት የማሽን መምሪያ መጻሕፍት ብዙም አይገኙምና።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እዚህ ተሞልቶ ክዳኑ የታሸገ ጀሪካን ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ የውጭው ግፊት ይበረታበትና ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ደንበኛውም «ሳሳ» ብሎ ይመልሰዋል። ግድግዳው ሲለካ ግን ጉድለት የለበትም። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ክዳኑ ሲላላ አየር እየሳበ ጎኑ ከተመለሰ ምክንያቱ የግፊት ልዩነት ነው። መፍትሔውም የሚተነፍስ ክዳን ወይም ጎኑ ላይ መወጠሪያ መስመር ያለው ሞልድ ነው። የማሽኑንም አየር የምናገኘው ከዚሁ ሳሳ ካለ አየር ነው፤ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በክብደት ሩብ ያህል ይጎድላል። በባሕር ወለል ልክ የተመረጠ ኮምፕሬሰር እዚህ ሲመጣ ሥራው ሲፋጠን ይደክማል፤ በጀሪካኑ ላይ ያሉት ጽሑፎችና ማዕዘኖች ደብዛዛ ይሆናሉ። ጌጁን ማሽኑ ቆሞ ሳለ ሳይሆን አየሩ ወደ ቱቦው በሚገባበት ቅጽበት እንመልከት፤ ያን ጊዜ መርፌው ከወደቀ ሕመሙ ታወቀ።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ የቀለጠው ፕላስቲክ በኤክስትሩደሩና በዳዩ ውስጥ እንደ ጋለ ይቆያል፤ ይቃጠላልም። የጥቁር ነጠብጣብ ዋና ምንጭ ይህ ነው። መብራቱ ሲመለስ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ መለኪያው የተፈለገውን ዲግሪ ስላሳየ ብቻ ስክሩን ማስነሣት አደገኛ ነው። መለኪያው የሚያሳየው የብረቱን ሙቀት እንጂ የፕላስቲኩን እምብርት አይደለምና፤ ያልቀለጠ ፕላስቲክ ስክሩን ሊሰብር ይችላል። መታገሥ፥ ከዚያም በዝግታ አስነሥቶ ጥቁሩ ወጥቶ እስኪያልቅ መግፋት ያሻል። በዚህ ጊዜ የወጣው ፕላስቲክ ተፈጭቶ ወደ ጀሪካን መመለስ የለበትም፤ ዛሬ ያተረፍነው የመሰለን ለነገ ያስቀመጥነው ነጠብጣብ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ከዚህ ሁሉ የማተርፈው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ከመንካት በፊት ማየት፤ መቁረጥ፥ መመዘን፥ መለካት። ሁለተኛ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ለውጡ እስኪረጋ መጠበቅ፤ ምንም ካላመጣም ወደ ነበረበት መመለስ። ሦስተኛ፥ መጻፍ። በየማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ይኑር፤ ማን፥ መቼ፥ ምን እንደ ለወጠና ለምን እንደ ለወጠ ይጻፍበት። ሞልድ ወደ ወርክሾፕ ሲሄድና ሲመለስም ይጻፍ። በእኔ ጊዜ ያ ደብተር ቢኖር ኖሮ ስፌቱ መከፈት የጀመረው ሞልዱ በተመለሰ ማግሥት መሆኑን በአንድ ደቂቃ ባየሁት ነበር።

ደብተሩ ግን እውነት የሚጻፍበት ሊሆን ይገባዋል። ጉድለት ባየ ጊዜ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሠራተኛ ጉድለቱን ከጤነኞቹ ሥር ይደብቀዋል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለውም ፋብሪካው መድኃኒት ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን የተሰነጠቀ ጀሪካን ይዞ የመጣ ሰው የሚመሰገንበትን ልማድ መፍጠር የእኛ የባለሙያዎቹ ግዴታ ነው። ይህን ልማድ ለመጀመር ጥሬ ዕቃም ሆነ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልገንም።

እነዚያ ወይዘሮ «ማን ጠየቀኝ?» ያሉኝ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ነገ ጧት ወደየፋብሪካችን ስንገባ ቁልፍ ከማንሣታችን በፊት ጭራ ወደሚቆረጥበት ጠረጴዛ ሄደን እንጠይቅ።